የመቶ ሰው ገዳይ የተባለው ሕግ አስከባሪ፦ የዋይልድ ቢል ሂኮክ እውነተኛ ታሪክ

ምሽት ነው። ቦታው አቢሊን፣ አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ ያለች የከብት ገበያ ከተማ። ቀኑ እ.ኤ.አ ኦክቶበር 5፣ 1871። የከተማዋ የፖሊስ አለቃ መንገድ ላይ ከአንድ ቁማርተኛ ጋር ተታኩሶ መትቶ ጥሎታል። ወዲያው ሌላ ሰው ሽጉጥ ይዞ ከጨለማው ውስጥ ሲሮጥ ወደ እሱ መጣ። አለቃው ዞር ብሎ ተኮሰ። ሰውየው ወደቀ።

ጠጋ ብሎ ሲያየው የወደቀው ጠላቱ አልነበረም። ሊረዳው እየሮጠ የመጣው የገዛ ረዳቱና ጓደኛው ነበር።

የፖሊስ አለቃው ስም ጄምስ በትለር ሂኮክ ይባላል። ዓለም የሚያውቀው ግን ዋይልድ ቢል በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። በአማርኛ “አውሬው ቢል” ብንለው ብዙም አንርቅም። የካውቦይ ፊልም የሚወድ ሰው ስሙን ሳይሰማ አይቀርም። ገና በሕይወት እያለ መቶ ሰው ገድሏል፣ ኧረ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ነው የገደለው ተብሎ ተጽፎለታል።

ዛሬ የዚህን ሰው ታሪክ ይዘን መጥተናል። ፊልሞቹ የሚነግሩንን ግን አንደግምም። ያንን ቁጥር ማን ሰጠው? ቁጥሩስ እሱን ምን አደረገው? እሱን ነው የምናየው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 የገበሬው ልጅ

ሂኮክ የተወለደው ሜይ 27 ቀን 1837 ኢሊኖይ ግዛት ውስጥ ነው። የትውልድ መንደሩ ዛሬ ትሮይ ግሮቭ ትባላለች። ቤተሰቦቹ ገበሬዎች ናቸው፤ ባርነትን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። ቤታቸው ከደቡብ ግዛቶች ለሚያመልጡ ጥቁር ባሪያዎች መደበቂያ እንደነበረም ይነገራል።

ልጁ ከእርሻው ይልቅ ተኩስ ነበር የሚወደው። 18 ዓመት ገደማ ሲሞላው ከአንድ ሰው ጋር ተደባድቦ ሁለቱም ቦይ ውስጥ ወደቁ። ሰውየው ሞቷል ብሎ ስላሰበ ከአገሩ ጠፋ። ሰውየው ግን አልሞተም ነበር። እንደውም እሱም በበኩሉ ሂኮክን የገደለው መስሎት ሸሽቷል ነው የሚባለው።

ሂኮክ የሄደው ወደ ካንሳስ ነው። ያኔ ካንሳስ እሳት ላይ ነበረች። ግዛቷ ባርነትን ትፍቀድ ወይስ ትከልክል በሚለው ጉዳይ ሰዎች ይገዳደሉ ነበር፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት ማለት ነው። ወጣቱ ከባርነት ተቃዋሚዎቹ ታጣቂዎች ጋር ተቀላቀለ። በ1858 ሞንቲሴሎ በምትባል ቦታ የአካባቢ ጸጥታ አስከባሪ ሆኖ ተመረጠ። ዕድሜው ገና 20 ነበር።

🔹 ሮክ ክሪክ፦ የመጀመሪያው ደም

ጁላይ 12 ቀን 1861። ጦርነቱ ከተጀመረ ሦስት ወር ሆኖታል። ሂኮክ ነብራስካ ውስጥ ሮክ ክሪክ በሚባል የፖስታና የጋሪ ማረፊያ ጣቢያ ፈረስ ይንከባከባል። ዕድሜው 24 ነው።

ዴቪድ ማካንለስ የሚባል ሰው ጣቢያውን ለድርጅቱ ሸጦ ነበር፤ ገንዘቡ ግን ዘገየበት። በዚያ ቀን ገንዘቡን ሊጠይቅ ሁለት ሰዎችና ትንሽ ልጁን አስከትሎ መጣ። ጭቅጭቅ ተነሳ። ከቤት ውስጥ ተተኮሰና ማካንለስ ሞተ። አብረውት የመጡት ሁለቱ ሰዎችም ተገደሉ። ልጁ ሮጦ አመለጠ።

ማካንለስን የመታችው ጥይት ከሂኮክ እጅ ነው የወጣችው ተብሎ ይታመናል፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ዛሬም ይከራከሩበታል። ሂኮክና ባልደረቦቹ ተከሰው ራሳቸውን ለመከላከል ነው ተብለው ነጻ ወጡ።

በዚያ ቀን የሞቱት ሦስት ሰዎች ናቸው። ይህቺን ቁጥር ያዙልን፤ ወደ በኋላ እንፈልጋታለን።

ከዚያ ጦርነቱ ነው። ሂኮክ ለሰሜኑ፣ ማለትም ለመንግሥት ጦር፣ ስንቅ በጋሪ አመላላሽ፣ ከዚያም ቃፊርና ሰላይ ሆኖ ሠራ።

🔹 የአንድ የኪስ ሰዓት ዋጋ

ጦርነቱ በ1865 ሲያልቅ መሣሪያው ግን አልተሰበሰበም። በሁለቱም ወገን የተዋጉ፣ ከመተኮስና ከቁማር ሌላ ሥራ የሌላቸው ወጣቶች ከተሞቹን ሞሏቸው። ሂኮክ አንዱ ነበር። ሚዙሪ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ቁማር እየተጫወተ ይኖር ነበር።

እዚያ ዴቪስ ተት ከሚባል ሰው ጋር ተጋጨ። ተት በጦርነቱ ለደቡቡ የተዋጋ ነው። ድሮ ይግባቡ ነበር ይባላል። የጸባቸው ምክንያት የቁማር ዕዳ ነው፤ ልዩነታቸው ጥቂት ዶላር ብትሆን ነው። ተት ለዕዳው መያዣ ብሎ የሂኮክን የወርቅ የኪስ ሰዓት ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ወሰደ። ሂኮክ ሰዓቷን አድርጎ በአደባባይ እንዳይታይ አስጠነቀቀው።

ተት አድርጓት ወጣ።

ጁላይ 21 ቀን 1865 ወደ ማታ ላይ ሁለቱ በከተማው አደባባይ ተፋጠጡ። በመካከላቸው ወደ 70 ሜትር ገደማ አለ፤ የኳስ ሜዳ ወርድ ያህል ማለት ነው። በዚያ ዘመን ሽጉጥ ከዚያ ርቀት ሰው መምታት ቀላል አይደለም። ሁለቱም እኩል በሚባል ሰዓት ተኮሱ። ተት ሳተ፤ ሂኮክ አልሳተም።

በፊልም የምናየው፣ ሁለት ሰው መንገድ መሐል ተፋጦ ቀድሞ ሽጉጥ የሚመዝበት ትዕይንት በእውነተኛው ታሪክ እጅግ ጥቂት ጊዜ ነው የተከሰተው። ይሄ ከነዚያ ጥቂቶች አንዱና ዝነኛው ነው። ለሰዓት።

ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አይቶ በኦገስት መጀመሪያ ሂኮክን በነጻ ለቀቀው። በሚቀጥለው ወር እዚያው ከተማ ለፖሊስ አዛዥነት ተወዳደረ። አዎ፣ በአደባባይ ሰው በገደለ በሁለት ወሩ! አላሸነፈም እንጂ።

🔹 ቁጥሩ እንዴት ተወለደ?

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚዞረው።

ጆርጅ ዋርድ ኒኮልስ የሚባል የጦር መኮንን የነበረ ጸሐፊ ስፕሪንግፊልድ ላይ ሂኮክን አገኘው። ፌብሩዋሪ 1867 ላይ ሃርፐርስ በተባለው ትልቅ የአሜሪካ መጽሔት ስለ እሱ ረጅም ጽሑፍ አወጣ። በጽሑፉ ሂኮክ በገዛ እጁ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን የገደለ ጀግና ሆኖ ቀረበ። ያዙልን ያልናችሁን ቁጥር አስታወሳችሁ? ሮክ ክሪክ ላይ የሞቱት ሦስት ሰዎች በመጽሔቱ ላይ አሥር ሆኑ። ሁሉንም ብቻውን ጨረሳቸው ተባለ።

ይባስ ብሎ ጸሐፊው የሰውየውን ስም እንኳ በትክክል አልጻፈውም። ሂኮክ የነበረው ሂችኮክ ሆኖ ወጣ። የስፕሪንግፊልድ ሰዎች ጉዱን ስለሚያውቁ የከተማው ጋዜጣ በጽሑፉ ላይ አላገጠበት። ግን ማን ሰማ? ያኛው መጽሔት በመላው አገር ይነበባል፤ የከተማዋ ጋዜጣ እዚያው ከተማዋ ውስጥ። ዛሬ ውሸት የሆነ ፖስት ሚሊዮን ሰው ጋር ሲደርስ ማስተባበያውን ጥቂት ሰው እንደሚያየው ማለት ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም።

በዚያው ዓመት ሌላ ጋዜጠኛ ሂኮክን ቃለ መጠይቅ አደረገው። የዚህን ጋዜጠኛ ስም እኛ ኢትዮጵያውያን ልናውቀው ይገባል፦ ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ። ስንት ሰው ገድለሃል ብሎ ጠየቀው። ሂኮክ ከመቶ በላይ አለው። ስታንሊም ጻፈው።

ይሄው ስታንሊ በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1868፣ ኒው ዮርክ ሄራልድ ለሚባለው ጋዜጣ ዘጋቢ ሆኖ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገራችን ገባ። የመቅደላን ጦርነትና የአፄ ቴዎድሮስን መጨረሻ ከስፍራው ሆኖ ዘገበ። ዜናውንም ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ ለዓለም አደረሰ። የእኛን ታሪክ ለውጭ ሰው ያደረሰው ብዕርና የዋይልድ ቢልን መቶ ሬሳ የጻፈው ብዕር አንድ ነው። እኛ ይህን ስናውቅ ትንሽ ደንግጠናል።

ፍርዱ ለጋዜጠኞቹ ብቻ አይደለም። ሂኮክ ራሱ ማጋነን ይወድ ነበር። የዋህ ከተሜ ሲያገኝ ወሬውን ይቀባባለት ነበር። ረጅም ነው፣ ጸጉሩ ትከሻው ላይ ይወርዳል፣ ይለብሳል፣ ሁለት ኮልት ሽጉጥ ይታጠቃል። ዝናው ተመችቶት ነበር። ለጊዜው።

🔹 ሄይስ ሲቲ፦ በሁለት ወር ሁለት ሰው

ዝናው ሥራ አመጣለት። ሕግ በሌለበት አዲስ ከተማ፣ ሰዎች ስሙን ሰምተው ይፈሩታል ብለው ፈለጉት። የሚያስፈራ ሰው መቅጠር ነበር ዘዴው።

በኦገስት 1869 ሄይስ ሲቲ ላይ ሸሪፍ ሆኖ ተመረጠ። ሄይስ ወታደር፣ ከብት ነጂ፣ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛና የጎሽ አዳኝ የሚጠጣባት ከተማ ናት። ሂኮክ በጀመረ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ሁለት ሰው ገደለ፤ አንዱ ቢል ማልቪ፣ ሌላው ሳሙኤል ስትሮሀን። በኖቬምበር ምርጫ ሲደረግ ሕዝቡ አልመረጠውም። ያሸነፈው የራሱ ምክትል ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ጁላይ ላይ እዚያው ከተማ መጠጥ ቤት ውስጥ ሁለት ወታደሮች ተረባርበው መሬት ላይ ጣሉት። አንደኛው ሽጉጡን ጆሮው ላይ ደግኖ ሳበ። ሽጉጡ ከሸፈ። ሂኮክ እንደምንም የራሱን አውጥቶ ሁለቱንም መታ። አንደኛው ጆን ካይል ሞተ። ሂኮክ ጓደኞቻቸው ሳይመጡ ከተማዋን ለቆ ሄደ።

በአንድ የከሸፈች ጥይት ነው የተረፈው። ጀግንነት ነው ወይስ ዕድል? እናንተ ፍረዱ።

🔹 አቢሊን፦ ያቺ ምሽት

አቢሊን እንዴት ያለች ከተማ ነበረች? ከጦርነቱ በኋላ ቴክሳስ ውስጥ ከብት ሞልቷል፤ ዋጋው ግን ምንም አይደለም። ሰሜን ላይ ደግሞ ሥጋ ውድ ነው። ጆሴፍ ማኮይ የሚባል ነጋዴ በ1867 አቢሊን ላይ የባቡሩን መስመር ተጠግቶ የከብት በረት ሠራ። ከብት ነጂዎቹ ከቴክሳስ በእግርና በፈረስ ሳምንታት ተጉዘው ይመጣሉ፣ ይሸጣሉ፣ ደሞዛቸውን ይቀበላሉ፣ ከዚያ ይጠጣሉ። በጋ ላይ ከተማዋ በእነሱ ትጥለቀለቃለች።

ሌላም ነገር አለ። አብዛኞቹ ቴክሳሶች በጦርነቱ የደቡቡ ወገን ናቸው። ሂኮክ የሰሜን ሰው ነው። ጦርነቱ በወረቀት ካለቀ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ልብ ውስጥ ግን አላለቀም።

ከሂኮክ በፊት የነበረው የፖሊስ አለቃ ቶም ስሚዝ ይባላል። ይሄ ሰው ይገርማል፤ ሽጉጥ ከመምዘዝ ይልቅ በቡጢ ነበር ሥራውን የሚሠራው። መሣሪያ አላስረክብም ያለውን በጡጫ መትቶ ይነጥቀው ነበር። ኖቬምበር 1870 ላይ አንድ ተጠርጣሪ ሊይዝ ሄዶ ተገደለ፤ በመጥረቢያ ነው የጨረሱት።

ከተማዋ ከዚያ በኋላ ቡጢ አልፈለገችም። ኤፕሪል 1871 ላይ ከንቲባ የነበረው ያው ማኮይ ሂኮክን ቀጠረው። ደሞዙ በወር 150 ዶላር ሲሆን ከሚሰበሰበው ቅጣትም ሩቡ የእሱ ነው። ሥራው ከተማ ውስጥ መሣሪያ መያዝ የሚከለክለውን ደንብ ማስከበር ነበር። በቀሪው ጊዜ ቁማር ይጫወታል። ሲሄድ ከጥግ እየራቀ የመንገዱን መሐል ይዞ ነበር የሚሄደው፤ ሲቀመጥ ጀርባውን ለግድግዳ ይሰጣል። ዝናው ያመጣበት ኑሮ ይሄ ነው። ዋይልድ ቢልን የገደለ ሰው ተብሎ ስሙ እንዲወጣ የሚፈልግ ማን እንደሆነ አያውቅማ።

ፊል ኮ የሚባል የቴክሳስ ቁማርተኛ ነበር፤ መጠጥ ቤትም ነበረው። ከሂኮክ ጋር አይዋደዱም። ኦክቶበር 5 ምሽት ኮና ብዙ ቴክሳሶች ሰክረው ከተማዋን ሲያምሱ አመሹ። ጥይት ተተኮሰ። ሂኮክ ደርሶ ማን ተኮሰ ሲል ኮ ውሻ ላይ ነው የተኮስኩት አለ። ሽጉጡ እጁ ላይ ነው። ሁለቱ ጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ተታኮሱ። የኮ ጥይቶች ሂኮክን አላገኙትም። ሂኮክ ሆዱን መታው። ኮ ከቀናት ስቃይ በኋላ ሞተ።

በዚያች ቅጽበት ነው ማይክ ዊልያምስ የመጣው። የሂኮክ ረዳትና ጓደኛ ነው። ተኩሱን ሰምቶ ሊረዳው ሮጠ። ሂኮክ ያየው በሰካራሞች መሐል ሽጉጥ የያዘ ጥላ ብቻ ነው። የቀረውን ከላይ ነግረናችኋል።

ሂኮክ ጓደኛውን ተሸክሞ መጠጥ ቤት አስገብቶ ቢሊያርድ ጠረጴዛ ላይ አስተኛው ይባላል። ከዚያ በንዴት ወጥቶ መጠጥ ቤቶቹን አንድ በአንድ አስዘጋ፤ ቴክሳሶቹን ከከተማ አባረረ። የቀብሩንም ወጪ ከፈለ።

ከዚያች ምሽት በኋላ ዋይልድ ቢል ሂኮክ በሰው ላይ ተኩሶ መግደሉ የሚታወቅ ነገር የለም። ማይክ ዊልያምስ የመጨረሻው ነው።

ዲሴምበር ላይ የከተማዋ ምክር ቤት አሰናበተው፤ ከእንግዲህ አታስፈልገንም አሉት። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የአካባቢው ነዋሪዎች ቴክሳሶቹ ከብታቸውን ወደ ሌላ ቦታ እንዲወስዱ ጠየቁ። የከብት ንግዱ ሄደ፣ ሁከቱም አብሮት ሄደ። አቢሊንን ሰላም ያደረጋት ሽጉጡ ሳይሆን ገበያው መነሳቱ ነው ማለት ይቻላል።

🔹 ራሱን ሆኖ መተወን

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ ያሳዝናል። በ1873 ጓደኛው ቡፋሎ ቢል ትያትር ውስጥ አስገባው። ሥራው መድረክ ላይ ዋይልድ ቢልን ሆኖ መተወን ነው። እውነተኛው ሰውዬ የውሸቱን ሰውዬ ይጫወታል ማለት ነው። አልቻለበትም። ድምፁ አይሰማም፣ ያፍራል፣ ይናደዳል። ወራት ሠርቶ በ1874 ጥሎት ወጣ።

ዓይኑም እየደከመ ነበር። ከሩቅ በማነጣጠር ስሙ የወጣ ሰው ማየት ሲያቅተው አስቡት። ቁማር፣ መጠጥና መንከራተት። ማርች 1876 ላይ የሰርከስ ባለቤት የነበረችውን አግነስ ሌክን ሸይን ከተማ ውስጥ አገባ። ብዙም ሳይቆይ ወርቅ ፍለጋ ትቷት ሄደ።

🔹 ዴድዉድ፦ ለበሩ የተሰጠ ጀርባ

የሄደው ዳኮታ ውስጥ ወዳለችው ዴድዉድ ነው። ከተማዋ ራሷ ሕገወጥ ነበረች። መሬቱ በ1868 ውል የላኮታ ሕዝብ ሆኖ ተፈርሟል፤ ወርቅ ሲገኝበት ግን ነጮቹ ውሉን ረግጠው ገቡ።

ኦገስት 2 ቀን 1876 ከሰዓት በኋላ ሂኮክ መጠጥ ቤት ገብቶ ቁማር ሊጫወት ተቀመጠ። ባዶ የነበረው ወንበር ጀርባውን ለበር የሚሰጠው ነው። ግድግዳው ጋር የተቀመጠውን ሰው ቦታ እንዲቀይረው ጠየቀ፤ ሰውየው እምቢ አለ። ሂኮክ ተቀመጠ።

ጃክ ማኮል የሚባል ሰው ከኋላው መጥቶ ጭንቅላቱን መታው። ወዲያው ሞተ። ዕድሜው 39 ነበር።

ማኮል ለምን ገደለው? ወንድሜን ስለገደለብኝ ነው አለ፤ ለዚያ ግን ማስረጃ አልተገኘም። የወርቅ ቆፋሪዎቹ ያቋቋሙት ፍርድ ቤት አምኖት ለቀቀው። ነገር ግን ዴድዉድ ሕጋዊ ከተማ ስላልሆነች ፍርዱም ሕጋዊ አይደለም ተባለና ያንክተን ላይ እንደገና ተከሰሰ። ማርች 1 ቀን 1877 ተሰቀለ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ከመቶ ሰው በላይ ገድሏል ለተባለ ሰው፣ ማንም ተነስቶ የእኔንም ወንድም ገድሏል ቢል ማን ይጠራጠራል? ያ የተጋነነ ቁጥር ገዳዩን ለጊዜውም ቢሆን ያዳነው ይመስለናል።

ሲሞት እጁ ላይ ሁለት ኤስና ሁለት ስምንት ካርታ ነበር የሚባለውንም ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ያ ወሬ በሰፊው የተሰራጨው ግን ከሞተ ከግማሽ ክፍለ ዘመን በኋላ በ1920ዎቹ ነው። ሞቶም ወሬው አልተወውም።

🔹 ታዲያ ስንት ገደለ?

ማስረጃ ያለውን እንቁጠር። ማካንለስ (አከራካሪ ቢሆንም)፣ ተት፣ ማልቪ፣ ስትሮሀን፣ ካይል፣ ኮ እና ማይክ ዊልያምስ። ጦርነቱ ውስጥ የሆነውን ሳይጨምር ሰባት ሰው።

ሰባት ሰው ትንሽ ነው እያልን አይደለም። ሰባት ቤተሰብ ነው። ግን ልዩነቱን ተመልከቱት። መቶ ሲባል ቁጥር ነው፤ ማንም ስም አይጠይቅም። ሰባት ሲባል እያንዳንዱ ስም አለው፣ የሞተበት ምክንያት አለው። አንዱ የሞተው በሰዓት ነው፣ አንዱ ደግሞ ጓደኛውን ሊረዳ ሮጦ። ጋዜጦቹ ቁጥሩን ሲያበዙት ስሞቹን አጠፏቸው።

ሂኮክ ዛሬ የተቀበረው ዴድዉድ ከተማ ማውንት ሞርያ የተባለ መቃብር ውስጥ ነው፤ ጎብኚ አይጠፋበትም። የማይክ ዊልያምስን ስም የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። እኛ ለዚያ ነው ታሪኩን ከእሱ ሞት የጀመርነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሂኮክ ሕግ አስከባሪ ነበር ወይስ ደሞዝ የሚከፈለው ገዳይ? ሐሳባችሁን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን። ታሪኩን ከወደዳችሁት ለወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉ፤ ስታጋሩት ግን እባካችሁ ቁጥሩን እንዳትጨምሩበት። 🙏